ሦስቴ ያልበቃው እጥበት

ምራቴ ሐያት ሰሞኑን አኩርፋኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ ክንዷ ላይ አፍስሼ ጨርሻለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የደሴ ሰፈር ሁለት ጀሪካን ማፍሰስ የሰው ዱቄት መሬት ላይ ከመድፋት አይተናነስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ተደፍኖብን፣ ከሰኞ ገበያ አንድ ጠርሙስ የቱቦ መክፈቻ ይዛ መጣች። ያ ፈሳሽ ጸጉር ያቀልጣል፣ ሞራ ያቀልጣል፤ የሰው ቆዳም አይምርም። ክዳኑን ስትታገለው አመለጣትና ክንዷ ላይ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረግ አድርጋ፣ "ምንም አይደል" እያለች የጥርስ ሳሙና ልትቀባበት ስትል አየኋት። ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ጉልበቴ የሰማው ከተነሳሁ በኋላ ነው፤ እሱ ከኔ ጋር መማከር ከተወ ቆይቷል። የጥርስ ሳሙናውን ቀማኋት፣ አምባሯን አስወለቅኋት፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ጀሪካኑን አዘነበልኩ።

"አባባ፣ ይብቃዎት እንጂ። ሦስት ጊዜ አጠቡት እኮ" አለችኝ።

ክንዷ ደህና ነው። ጤና ጣቢያ አይተው፣ ቅባት ሰጥተው ሸኟት። እኔን ግን ያቺ "ሦስት ጊዜ" ያለቻት ቃል ይዛኝ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወረደች፤ ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ግቢ፣ ከግማሽ በርሜል ኖራ አጠገብ አቆመችኝ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ አስራ ዘጠኝ ነው። ዛሬ መስታወት ውስጥ የማየው ሽማግሌ ከዚያ ልጅ የወረሰው ጆሮውንና ውሸቱን ብቻ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ደሴ ላይ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጀምር መጀመሪያ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፤ ኮምቦልቻ ሲደረስ ሸሚዙም ይከብዳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ጎምርቶ አንገቱን ደፍቷል። አውቶቡሱ ቆም ባለበት ሁሉ ሴቶች ጥንቅሽ በእቅፋቸው ይዘው በመስኮት ያቀብላሉ። እኔም ሁለት አገዳ ገዝቼ፣ ልጣጩን በጥርሴ እየገፈፍኩ፣ ጣፋጩ ጭማቂ እስከ ክርኔ እየወረደ፣ እንደ ተሾመ ሰው ከተማ ገባሁ።

የሄድኩት ለሥራ ነው። አክስቴ ዘሀራ ልጇን ዘይነባን ልትድር፣ ኒካው ሊታሰር አስራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ቤቱ ኖራ መቀባት ነበረበት። "ለቀቢ ምን አስወጣሽ፤ እኔ ደሴ ላይ ስንት ቤት ቀብቻለሁ" ብዬ የላክሁባት እኔው ነኝ። ወላሂ፣ ቤት ቀብቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ የዶሮ ቤት ቀብቻለሁ፤ እሱንም ዶሮዎቹ አልወደዱትም።

ዘይነባ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ልብስ ሰፊ ናት። ከአባቷ ሞት በኋላ እናትና ልጅ የሚኖሩት በስፌት መኪናዋ ገቢ ነበር፤ ለራሷ ኒካ የምትለብሰውን ቀሚስ ጥልፍ ሳይቀር ራሷ እየሠራች ነበር። ምላሷ ደግሞ እንደ መርፌዋ ነው።

ቀኑ አርብ ነበር፣ ረፋዱ ላይ። ጥሬ ኖራ የማያውቅ ሰው ቢያየው ነጭ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ውሃ ሲያገኝ ግን ያለ እሳት ይፈላል፤ ይንተከተካል፣ ይጨሳል፣ ይተፋል። የሚያውቅ ሰው ውሃውን ቀስ እያለ ይጨምርለታል፣ ከዚያም ሳይነካው ያሳድረዋል። እኔ ከጁምአ በፊት ቀብቼ ጨርሼ ለመመስገን ቸኩያለሁ። ቧንቧው ከሮብ ጀምሮ ደርቋል። ጋኑንም እንስራውንም በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኳቸው። ግቢው ውስጥ ለውዱእ መታጠቢያ የተቀመጠች አንዲት ማንቆርቆሪያ ውሃ ብቻ ቀረች። በባዶ እጄ በእንጨት እያማሰልኩ ሳለሁ ዘይነባ ትኩስ ቂጣ በሰሐን ይዛ መጣች።

"ሙሄ፣ ይሄ ነገር ይፈላል። አያ ይመርን ብትጠይቀው ምን አለበት?" አለችኝ። አያ ይመር ከአክስቴ ቤት ማዶ የመስጊዱን አጥር የሚሠራ ግንበኛ ነው።

"ግንበኛ ምን ያውቃል? እኔ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ።"

"ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ኖራ በባዶ እጁ ያማስላል?"

 መልስ ሳጣ ደግሞ ተንኮል አላጣም። ሰሐኑን አስቀምጣ የሚንተከተከውን ልታይ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለች። ደንግጣ ትጩህልኝና ልሳቅባት ብዬ ጡጫ የምታህል ጥሬ ኖራ አንስቼ፣ ከወገቤ ዝቅ አድርጌ በርሜሉ ውስጥ ወረወርኳት።

በርሜሉ ተፋ። ትኩሱ ኖራ ቀኝ ዓይኗን፣ ጉንጯን፣ እስከ አንገቷ ያዘው።

ጮኸች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግማሽ ላይ ሳለ ነው ጩኸቱ የድንጋጤ እንዳልሆነ የገባኝ። ይህን እስከ ሰሞኑ ለማንም አልተናገርኩም።

አክስቴ ከጓዳ ወጥታ ማንቆርቆሪያዋን ነጠቀች። "ቢስሚላህ" እያለች አንድ አፈሰሰችላት፣ ሁለት አፈሰሰችላት፣ ሦስት። ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ገና ውሃ ነበር፤ የአክስቴ እጅ ግን ሦስት ላይ በራሱ ቆመ። ማንም አይፈርድባትም። ዕድሜ ልካችንን ለሰላት ፊታችንን ሦስቴ፣ እጃችንን ሦስቴ፣ እግራችንን ሦስቴ ስንታጠብ ኖረናል። ከዚያ በላይ ማፍሰስ፣ ወራጅ ወንዝ ዳር ብትቆም እንኳ ማባከን ነው ተብለን ያደግን ነን። ሦስት ሲሞላ ነገሩ የጠራ ይመስለናል። ዓይኗን በሻሽ አድርቃ፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችውና "ሙሄ፣ ለጋ ቅቤ አምጣልኝ" አለች።

እኔ ለቅቤ አልሄድኩም። ጥቁር ሰሌዳው ትዝ አለኝ። መምህራችን ኖራ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ይበርዳል ብለው ነበር፤ ሎሚ ደግሞ አሲድ ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው እንዴት ቆሞ ያያል? ከጎረቤት ሱቅ አራት ሎሚ አፍሼ ስመለስ የመስጊዱ በር ላይ አያ ይመር ከመሰላሉ ሆኖ ጠራኝ።

"አንተ የደሴ ልጅ፣ ሎሚ ይዘህ ተማን ነው የምትሸሸው?"

"ኖራ... ዘይነባ ዓይን ውስጥ ገባ።"

ከመሰላሉ ሲወርድ አላየሁትም፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ግራ ዓይኑ እንደ ተላጠ እንቁላል ድፍን ነጭ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷን አይቼ ከጓደኞቼ ጋር ያልቀለድኩት ቀልድ የለም።

"ታጠበች?"

"አዎ።"

"ስንት?"

"ሦስት ጊዜ።"

አየኝ፤ በደህናዪቱም በነጪቱም ያየኝ መሰለኝ።

"የኔንም ሦስት ጊዜ ነው ያጠቡት" አለ። ቀጥሎ ሎሚዎቹን ከእጄ አራገፋቸው። "በእሳት ላይ ሌላ እሳት ልትጨምርባት ነው?"

ግቢው ስንደርስ አክስቴ ቅቤውን ራሷ አግኝታ፣ ሻሹን ልትፈታ እያለች ነበር። "እቴቴ፣ እሱን ለገንፎሽ አስቀምጪው። ውሃ የት አለ?" አላት አያ ይመር። አክስቴ ጋኑን አየች። እኔ መሬት አየሁ። አያ ይመር ነገሩ ገብቶት በርሜሉን ተመለከተና የቀረችዋን ማንቆርቆሪያ አነሳ። "መስጊድ" አለ። ዘይነባን እኔና አክስቴ በብብቷ ይዘን፣ እሷ እግሯ መሬት እየሳተ፣ እሱ ከፊት እየሮጠ መንገዱን ተሻገርን።

በመስጊዱ ግቢ ጥግ ላይ የቆርቆሮ ታንከር ቆሟል፤ ሥሩ በተርታ ቧንቧዎች አሉት። ቧንቧ ውሃው ስለጠፋ፣ ሐሙስ ሙሉ ቀን በአህያ ከቦርከና ወንዝ ተቀድቶ ለጁምአ የተሞላ ነው። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ወንዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ስንገባ አንድ አዛውንት ቀና ብለው "ሴት ልጅ? ተወንዶች መታጠቢያ?" አሉ። ሌላው ውሃው ለሰላቱ እንኳ እንደማይበቃ አጉረመረመ።

ኢማሙ ሸህ እንድሪስ ከውስጥ ወጡ። አያ ይመር እጃቸውን ሳመና "ሸኾቼ፣ ኖራ ነው። ብዙ ውሃ ትፈልጋለች። ታንከሩን ልንጨርሰው እንችላለን" አላቸው።

ሸህ እንድሪስ ዘይነባን አዩ፤ ከዚያ የአያ ይመርን ነጭ ዓይን አዩ። ኮምቦልቻ ውስጥ የዚያችን ዓይን ታሪክ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ውሃው ለልጅቷ ነው" አሉ። "ለኛ አፈር አለልን። ተየሙም እናደርጋለን። እናንተ ደግሞ ዙሩ፤ ጀርባችሁን ስጧት።"

ዞሩ። ያ አዛውንት የመጀመሪያው ሆነው ዞሩ፤ ጋቢያቸውን አውልቀውም ወደ ኋላ ሳያዩ ለአክስቴ አቀበሏት፤ ዘይነባን በሱ ላይ አስተኛናት።

አያ ይመር ልጅቷን አልነካም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአጠገባችን ቆመ፤ የአክስቴን ጣቶችና የኔን ክንድ በቃል ብቻ ነዳቸው። "በቀኝ ጎኗ አስተኟት፤ የታመመችዋ ከታች ትሁን፣ ውሃው ወደ ደህነኛዋ እንዳይሻገር። አንተ ተአፍንጫዋ በኩል አፍስስ፣ ወደ ጆሮዋ ይውረድ። ቀጭን፣ እንደ ክር። እቴቴ፣ ክፈቺው።"

"ልጄን አማት እኮ!"

"ይመማት። ክፈቺው።"

አክስቴ የላይኛውን የዓይን ቆብ ስትገልጠው ከሥሩ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ነገር ተለጥፋ አየን። ሦስቴ ታጥባ፣ በሻሽ ታስራ፣ እዚያው ቁጭ ብላ ታቃጥላለች። "በሻሽሽ ጫፍ፣ በእርጥቡ፣ አንሺያት" አላት። አክስቴ አነሳቻት።

"እስከ መቼ ነው?" አልኩት ሁለተኛዋን ማንቆርቆሪያ ስጨርስ።

"ለኔ ያልፈሰሰልኝን ያህል" አለ። ከዚያ ለሸህ እንድሪስ፣ "ሐኪሙ ለኔ የነገረኝ፣ ያኔውኑ ግማሽ ሰዓት አፍስሰውልህ ቢሆን ዓይንህ ትተርፍ ነበር ብሎ ነው። ሰዓት የያዘ ሰው አለ?"

ሰዓት የያዘ ነበር፤ ነገር ግን ቆሞበታል። ሸህ እንድሪስ ታንከሩ አጠገብ ቁጭ አሉ። "ያሲንን ቀስ ብዬ ስቀራት ሃያ ደቂቃ አካባቢ ትወስድብኛለች" አሉ።

ያሲን ለሚሞት ሰው የሚቀራ የቁርአን ምዕራፍ ነውና፣ አክስቴ ያሲን ሲባል ፊቷ አመድ ሆነ። "ሸኾቼ፣ ልጄ ልትሞት ነው?"

"አብሽሪ፤ ያሲን ለሕያውም ይቀራል። ዱአ ይሆናታል፣ ለኛም ጊዜ ይለካልናል።"

እሳቸው ቀሩ፣ እኔ አፈሰስኩ። ሰው ማንቆርቆሪያ እየሞላ ከኋላዬ ያቀብለኛል፣ ባዶውን ይቀበለኛል። እንደ ክር አድርጎ ማፍሰስ ቀላል ይመስላል፤ ክንድ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የራሱ አይሆንም። ትከሻዬ ነደደ። ውሃው እየተንቀጠቀጠ ግንባሯ ላይ ሲወርድ አያ ይመር እጄን አየ። መዳፌ ተሰነጣጥቆ ደም አርግዟል። ማንቆርቆሪያውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እኔን በአንገቴ ይዞ ቧንቧ ሥር አስገባኝ። "ኬሚስትሪ" አለኝ፤ ማን እንደነገረው እንጃ። እጄን ካጠብኩ በኋላ ተመልሼ ማንቆርቆሪያዬን ተረከብኩ።

 በያሲን መካከል ላይ ዘይነባ ድንገት "ነጭ ነው" አለች።

"ምኑ?" አላት አያ ይመር።

"የማየው። ጭጋግ ነው፤ ሁሉም ነጭ ነው።"

አያ ይመር ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ለምን እንዳዞረ ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ በደንብ የታየኝ። መርፌ ቀዳዳ የምታገኝ ዓይን ነበረች፤ እናቷን የምታበላ ዓይን ነበረች፤ እኔ ለሳቅ ብዬ ነው።

ሸህ እንድሪስ ጨረሱ። ሁሉም አያ ይመርን አየ።

"ይድገሙልን" አለ፣ ሳይዞር።

ደገሙ። አዛን ተባለ። ከኋላችን ወንዶቹ ተራ በተራ መዳፋቸውን በአፈሩ ላይ መታ እያደረጉ ፊታቸውንና እጃቸውን ያብሳሉ። ያን የሚያህል ታንከር ቆሞ፣ ከታንከሩ ሥር ውሃ እየወረደ፣ ያ ሁሉ ሰው በአፈር ሲታጠብ ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም አላየሁም። አንድም ሰው ውሃው ስንት ቀረ ብሎ አልጠየቀም። ሁለተኛው ያሲን ሊያልቅ ሲል ቧንቧዎቹ ቀጠኑ፤ የመጨረሻውን አያ ይመር በሁለት ጀሪካን አጠራቅሞ፣ እህል ጭኖ ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ አስቁሞ፣ እኔንና ዘይነባን አሳፍሮ ሰጠኝ። "መንገዱንም ሁሉ" አለኝ። "እንዳታቆም።"

ሐረጎን ስንወጣ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ጀሪካኑን በጉልበቴ ደግፌ አፈሰስኩ። ሾፌሩ መቀመጫው ሲረጥብ ዞር ብሎ አየንና መንገዱን ቀጠለ።  ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተሯ እንደገና በቱቦ አጠቧት፣ በመብራት አዩ፣ እንደገና አዩ።

"ማነው ያጠባት?"

"እኔ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ጎበዝ። እንዲህ ባትታጠብ ኖሮ ይህችን ዓይን ረስተናት ነበር። አሁን አላህ ያውቃል፤ ሲፈታ እናያለን። እንዴት ነው የገባባት?"

"ኖራው ራሱ ፈነጠቀ።"

ዘይነባ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። ምንም አልተናገረችም። እኔ ግን እንደዚያች "ጎበዝ" የመረረኝ ምርቃት የለም።

ዓይኗ ስምንት ቀን በፋሻ ታሰረ። በስምንቱ ቀን ውስጥ ምግብ አልወርድ ብሎኝ እናቴ "ይህ ልጅ እሱ ነው የታመመው?" ብላለች። ፋሻው ሲፈታ ሁላችንም አልጋው ዙሪያ ነበርን። ዘይነባ ቀስ ብላ ከፈተች፣ ደጋግማ ጨፈነች፣ ጣራውን አየች፣ እናቷን አየች፣ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ሙሄ፣ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል" አለች።

ኒካው በወር ተራዘመና ታሰረ። ከዓይኗ ጥግ ላይ ሰሊጥ የምታህል ጠባሳ ቀርታባታለች፤ ሌላው ደህና ነው።

ሐያት ካኮረፈችኝ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ፣ በነጋታው አውቶቡስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ዘይነባ ዛሬ የልጅ ልጆች አላት፤ መኪናዋ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። የሰው ሱሪ እያሳጠረች አገኘኋት። ሰላምታው ሳያልቅ ተናገርኩት፤ የወረወርኩትንም፣ የሳቅሁትንም። "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "አየሁህ እኮ" አለችኝ።

"ምን?"

"ቀና ስል እጅህን አየሁት። ሳቅህንም ሰማሁት። ዓይኔ ነው የነደደ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?"

"ታዲያ ለሲስተሯ ለምን አልተናገርሽም?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ስል አንተም ጥርስህ አለቀ፣ እኔም ጸጉሬ አለቀ።" ትንሽ ሳቀች። "እኔስ ያኔውኑ ነው አፉ ያልኩህ። ስታፈስልኝ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ አልፎ አልፎ ግን ትኩስ ጠብታ ግንባሬ ላይ ይወድቅ ነበር።"

"ላቤ ነው።"

"እሺ፣ ላብህ ነው።" ሱሪውን አጥፋ አስቀመጠችው። "ግን አሁን መናገር የቀረብህ ለኔ አይደለም። አያ ይመር ሞቷል። ልጁ ሐሰን ግን ስለ አባቱ ያወራል፤ ሰርግም ሐዘንም ላይ 'አባቴ የዘይነባን ዓይን አተረፈ' እያለ። ማንን እንዳተረፈ ያውቃል፣ ከማን እንዳተረፈ አያውቅም። ሂድና ንገረው።"

እውነቷን ነው። አንድ ዓይኑን ኖራ የበላበት ሰው፣ በሌላው ሰው ላይ እንዳይደርስ መሰላሉን ጥሎ ሮጠ። እኔ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ የማየውን ሳላይ፣ ለሱ የሚገባውን ምስጋና ግማሹን ሆስፒታል ላይ ወስጄ አረጀሁ። ሰው ጥፋቱን በምስጋና ሸፍኖ መኖር እንደሚችል እኔ ምስክር ነኝ፤ አይመከርም፣ ሆድ ያሳክካል።

የሐሰን ቤት ከዘይነባ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን ላንኳኳ አነሳሁና፣ ውሻ ይኖር ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። በኋላ ዘይነባን ጠየቅኋት፤ ውሻ የላቸውም።

ሐሰን ማንበብ ይወዳል አሉኝ። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሐሰን፣ አባትህ ያን ዕለት ዘይነባን ያዳናት ከኔ ነው። በሚመጣው አርብ ከሰላት በኋላ እመጣለሁ፤ በሩን ክፍት አድርግልኝ፤ ማንኳኳት ካለብኝ የምሸሽ ሰው ነኝ።